አዋጁ የሽያጭ ውል አልነበረም፦ ስለ 1862ቱ የዋሽንግተን ዲሲ የነፃነት ሕግ ለተጻፈው ምላሽ

ዋሽንግተን ዲሲ በየዓመቱ ኤፕሪል 16ን የነፃነት ቀን ብላ ታከብራለች፤ የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችም ይዘጋሉ። ዘንድሮ በዓሉን ተከትሎ በከተማዋና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስለ ቀኑ አመጣጥ የሚያትት ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ብዙ ሰው አንብቦታል፣ ብዙ ሰውም አጋርቶታል። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ከዋና ዋና ነጥቦቻቸው አብዛኞቹ ከሰነዶቹ ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ በቅድሚያ ያሉትን በታማኝነት ላስቀምጥና በየተራ ልመልስ። (ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በከተማዋ በባርነት የተያዙትን ሰዎች አንድ በአንድ በ300 ዶላር ገዝቶ ነፃ አወጣቸው፤ ክፍያው እስኪፈጸም ድረስም ነፃነቱ አልጸናም። ነፃ የወጣው ሰው ደግሞ መቋቋሚያ 100 ዶላር ተሰጠው። ካሳ ከተቀበሉት ባለቤቶች መካከል ጥቁሮች ስለነበሩ ነገሩ የዘር ጉዳይ አልነበረም። ጌታው ያላመለከተለት ሰው እዚያው በባርነት ቀረ። በመጨረሻም፣ ከዚህ ሁሉ የተረፈው የገንዘብ መዝገብ ስለሆነ ስለ ሰዎቹ የሚነግረን ነገር የለም።

ትክክል ከሆነው ልጀምር። ቀኑ ትክክል ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ሕጉን የፈረሙት ኤፕሪል 16 ቀን 1862 ነው። ይህ ቀን በይበልጥ ከሚታወቀው የሊንከን የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የነፃነት አዋጅ ስምንት ወር ተኩል እንደሚቀድምም ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል። ኮንግረስ ለካሳው የመደበው 1 ሚሊዮን ዶላር መሆኑም እውነት ነው።

አሁን ወደ «ግዢው»። የሕጉ የመጀመሪያ አንቀጽ በከተማዋ በባርነት የተያዙ ሰዎች ሁሉ ሕጉ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። በክፍያ ላይ የተንጠለጠለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ባለቤቶቹ አቤቱታ እንዲያስገቡ የተሰጣቸው ጊዜ 90 ቀን ነበር። አቤቱታውን የመረመሩት ሦስት ኮሚሽነሮች የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ያስረከቡት ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 1863 ነው። ሰዎቹ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ ክፍያ ሲጠባበቁ የቆዩ «ዕቃዎች» አልነበሩም፤ ነፃ ሰዎች ነበሩ። ከዚህም በላይ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ላመፀው የደቡብ ወገን የረዳ ባለቤት ካሳ እንዳያገኝ ሕጉ ሲከለክል፣ በእጁ የነበሩት ሰዎች ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ነፃ ወጥተዋል። ዋጋ ያልተከፈለበት ሰው ነፃ ከወጣ፣ ነፃነቱ ከግዢ የመጣ አይደለም።

ፊርማው ራሱ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን ያጸደቀው ኤፕሪል 11 ነው። የኢሊኖይሱ ሴናተር ብራውኒንግ በማስታወሻቸው እንደመዘገቡት፣ ፕሬዚዳንቱ ፊርማውን ጥቂት ቀን ያዘገዩት የኬንታኪው የምክር ቤት አባል ዊክሊፍ በባርነት የያዟቸውን ሁለት አገልጋዮች ከከተማዋ እስኪያወጡ ጊዜ ስለለመኗቸው ነበር። ሰውየው ቀለሙ ከመድረቁ በፊት ለማሸሽ የተጣደፉት፣ ከፊርማው በኋላ አገልጋዮቹን የሚያግዳቸው ነገር እንደማይኖር ስለገባቸው ነው። ይህ ለሊንከን የሚያስመሰግን ታሪክ አይደለም፤ ሕጉ የሚጸናው በፊርማው መሆኑን ግን በግልጽ ያስረዳል።

300 ዶላር የሚለው ቁጥርም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ጸሐፊው የተሳሳቱት በትርጉሙ ነው። ሕጉ የሚለው ጠቅላላው ካሳ ለእያንዳንዱ ሰው 300 ዶላር ተደርጎ ከሚገኘው ድምር እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ 300 የጠቅላላው ጣሪያ መለኪያ እንጂ የአንድ ሰው ተመን አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የተገመተው ለየብቻው ነው፤ የአገማመቱ መንገድም ሊታወቅ ይገባል፤ ሳያውቁት መዝገቡን ማንበብ አይቻልም።

ኮሚሽነሮቹ ዳንኤል ጉድሎ፣ ሆራሺዮ ኪንግና ሳሙኤል ቪንተን ነበሩ፤ ቪንተን በሜይ ወር ስለሞቱ ጆን ብሮድሄድ ተተኩ። ሦስቱም የሰው ዋጋ አያውቁም ነበር። ጦርነቱ የባሪያ ገበያውን ስላፈረሰው ገበያ ወጥቶ ዋጋ መጠየቅም አልተቻለም። በመጨረሻ ከባልቲሞር በርናርድ ካምቤል የተባለ የለየለት ባሪያ ነጋዴ አስመጡና ሰዎቹ እየቀረቡለት ገመተ። የነፃነት ሕግን የሚያስፈጽም ኮሚሽን የነጋዴ ዓይን ተከራየ ማለት ነው። ይህን ማንበብ ያማል፤ ሆኖም በመዝገቡ ያሉት ቁጥሮች የተወለዱት ከዚያ ዓይን መሆኑን መዘንጋት አይቻልም።

ግምቱ ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዋጋ ስለተሠራ ድምሩ በሕጉ ከተፈቀደው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ ሁሉም ግምት በአንድ ዓይነት መጠን ተቀነሰ። መጠኑን ለማወቅ ሪፖርቱን እንኳ መግለጥ አያስፈልግም፤ የተከፈሉትን ገንዘቦች ወስዶ ማካፈል ይበቃል። ቀራፂው ክላርክ ሚልስ በባርነት ይዞት ስለነበረው ሠራተኛ ስለ ፊሊፕ ሪድ የተከፈለው 350.40 ዶላር ነው። ጋብሪኤል ኮክሊ 1,489.20 ዶላር፣ ማርጋሬት ባርበር 9,351.30 ዶላር፣ ከሁሉም የበለጠ ብዙ ሰው የያዘው ጆርጅ ዋሽንግተን ያንግ ደግሞ 17,771.85 ዶላር ተቀብለዋል። እነዚህን ለ0.438 ብታካፍሏቸው 800፣ 3,400፣ 21,350 እና 40,575 ይሰጣሉ፤ አንዱም ጭራ የለውም። ባለቤቱ በተገመተው በእያንዳንዱ ዶላር 43.8 ሳንቲም ተከፍሎታል ማለት ነው። 50 ዶላር ለተገመተ ጨቅላ 21.90 ዶላር፣ 1,800 ለተገመተ ባለሙያ 788.40 ዶላር። «እያንዳንዱ በ300» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ድራሹን ያጠፋዋል።

መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ስለ አንድ ሰው ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያጋጥሙታል፦ ባለቤቱ የጠየቀው፣ ካምቤል የገመተውና የተከፈለው። ሚልስ ስለ ሪድ የጠየቀው 1,500 ዶላር ነበር፤ ከሂሳቡ እንደሚታየው የተገመተው 800 ነው፤ የተከፈለው 350.40። በየድረ ገጹ «የሪድ ዋጋ» እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው ብሪታንያን ማነጻጸሪያ ማድረጋቸውንም በጥቂቱ ልንካው። የብሪታንያ መንግሥት ባርነትን ባስቀረበት የ1833 ሕግ ለባለቤቶች ካሳ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡ፣ 15 ሚሊዮኑን በ1835 መበደሩና የዚያ ዕዳ ርዝራዥ እስከ 2015 መቆየቱ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ግን «አሜሪካም እንዲሁ» ማለት አይቻልም። የዋሽንግተኑ ካሳ በቀጥታ ከግምጃ ቤት የወጣ ገንዘብ ነው። ዋናው ልዩነት ደግሞ በሰዎቹ በኩል ያለው ነው፤ በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች አብዛኞቹ ሰዎች ከ1834 በኋላ «ተለማማጅ» ተብለው እስከ ኦገስት 1838 ድረስ ለዚያው ጌታ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገድደዋል። በዋሽንግተን እንዲህ ያለ የሽግግር ጊዜ አልነበረም።

«ነፃ የወጣው ሰው 100 ዶላር ተሰጠው» የሚለው ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ የተበደለውን እንደ ተካሰ አድርጎ ያቀርበዋልና። ነፃ ለወጡት ሰዎች ስለ ድካማቸው አንድ ሳንቲም አልተከፈለም። የሕጉ አሥራ አንደኛ አንቀጽ 100 ሺህ ዶላር መድቧል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከአሜሪካ ወጥተው ወደ ሄይቲ፣ ወደ ላይቤሪያ ወይም ፕሬዚዳንቱ ወደሚመርጡት ሌላ አገር ለመሄድ ለሚፈልጉ ጥቁሮች ማጓጓዣና ማስፈሪያ የተመደበ ነበር። በአንድ ተጓዥም ከ100 ዶላር መብለጥ አልነበረበትም። ለመሄድ እንጂ ለመኖር የተመደበ አልነበረም። የዚህ የማስፈር ፖሊሲ ፍጻሜም ይታወቃል። በ1863 ከ450 የሚበልጡ ነፃ ሰዎች በመርከብ ተጭነው በሄይቲ ጠረፍ ወዳለችው ኢል አ ቫሽ ደሴት ተወሰዱ። በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አልቀው የተረፉት በማርች 1864 በመንግሥት መርከብ ተመለሱ።

ይልቁንም ሕጉ ከሰዎቹ የሚያስከፍለው ነገር ነበረው። ነፃ የወጣ ሰው ስሙና መልኩ የተጻፈበት፣ የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ከፈለገ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ 25 ሳንቲም መክፈል ነበረበት። ፊሊፕ ሪድ በመንግሥት ማቅለጫ ቤት በእሁድ ቀን ሲሠራ ለራሱ የሚያገኘው በቀን 1.25 ዶላር ነበር። የሌሎቹን ቀናት ደመወዝ የሚወስደው ሚልስ ነው። ለ33 እሁዶች የተከፈለው 41.25 ዶላር የተመዘገበበት ሰነድ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው በካፒቶል ጉልላት ላይ የቆመው የነፃነት ሐውልት ነው። ሐውልቱ በዲሴምበር 1863 ተገጥሞ ሲያልቅ ሪድ ነፃ ሰው ነበር፤ ስለ እሱ የተከፈለው 350.40 ዶላር ግን ለሚልስ ነው የሄደው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ እንሂድ። ካሳ የተቀበሉ ጥቁሮች እንደነበሩ ጸሐፊው የጻፉት እውነት ነው፤ ጥቂት ቢሆኑም ነበሩ። ከነሱ መካከል በደንብ የሚታወቀው ከላይ የጠቀስኩት ጋብሪኤል ኮክሊ ነው። «ባለቤት» የሆነው ግን በስምንት ሰዎች ላይ ሲሆን፣ እነሱም ሚስቱና ልጆቹ ነበሩ። ነፃ የሆነ ጥቁር ሰው ሚስቱ በባርነት ከተያዘች ከጌታዋ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛታል፤ በወረቀት ላይ ግዢ ስለሆነ በሕግ ፊት «ንብረቱ» ትባላለች። ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል የሚለው ሕግ ደግሞ በባርነት ላይ ሳለች የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ ባሪያ ያደርጋቸዋል፤ አባት ልጆቹንም መግዛት ይኖርበታል። ኮክሊ ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ ቤተሰቡን ከነጋዴ እጅ አስጥሏል። በ1862 መንግሥት ለጌቶች ካሳ እከፍላለሁ ሲል በሕጉ ቋንቋ ጌታ ሆኖ ቀርቦ ካወጣው ገንዘብ የተወሰነውን አስመልሷል። ይህን አቤቱታ «ነገሩ የዘር አልነበረም» ለማለት ማስረጃ ማድረግ ሰነዱን ገልብጦ ማንበብ ነው። አንድ ነጭ አባት ልጁን ከባርነት ለማውጣት በፍርድ ቤት ፊት ጌታዋ መሆን አልነበረበትም።

የዲሲ የ1860 ሕዝብ ቆጠራም እዚህ ላይ ይረዳል። በባርነት የተያዙት 3,185 ሲሆኑ ነፃ ጥቁሮች 11,131 ነበሩ። ከነፃዎቹ ብዙዎቹ ቤተሰባቸው ለሁለት የተከፈለ ነበር። በአቤቱታዎቹ ውስጥ የጥቁር አመልካች ስም ሲገኝ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከተጠቀሱት ሰዎች ጋር ዝምድናቸው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

«ጌታው ያላመለከተለት በባርነት ቀረ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ከላይ እንደታየው ነፃነቱ በአቤቱታው ላይ አልተመሠረተም። ሆኖም ጸሐፊው የነኩት እውነተኛ ችግር አለ፤ ባለቤቱ ስሙን ካላስመዘገበ ነፃው ሰው የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም። ኮንግረስ ይህን አይቶ ጁላይ 12 ቀን 1862 ተጨማሪ ሕግ አወጣ። በዚህም ባለቤቱ ካላመለከተ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ቀርበው እንዲያመለክቱ ተፈቀደ። ባለቤታቸው ከከተማዋ ውጭ የሚኖር ሆኖ ከኤፕሪል 16 በኋላ በሱ ፈቃድ በዲሲ ሲሠሩ የነበሩትም ነፃ ናቸው ተባለ። ጥቁር ሰው በቀለሙ ምክንያት ከምስክርነት እንዳይከለከልም ተደነገገ። ትናንት ስለ ራሱ ጉዳይ በፍርድ ቤት ነጭ ላይ መመስከር የማይችለው ሰው የገዛ ነፃነቱን በራሱ ቃል ማስረዳት ቻለ። በኔ እምነት ከሁለቱ ሕጎች ውስጥ ከዚህ የሚልቅ መስመር የለም።

ያልተነኩ ሰዎችስ አልነበሩም? ነበሩ። ከሜሪላንድ ጌቶቻቸው አምልጠው ወደ ከተማዋ የገቡት በዚህ ሕግ አልተሸፈኑም፤ የሸሸ ባሪያን የማስመለሱ ሕግ እስከ ጁን 1864 አልተሻረም፤ ሜሪላንድ ራሷ ባርነትን ያስቀረችው በኖቬምበር 1 ቀን 1864 ነው። ጸሐፊው «ቀሩ» ሲሉ እነዚህን ቢጠቅሱ ኖሮ ትክክል በሆኑ ነበር።

የቀረው ስለ መዝገቡ የተባለው ነው። ለገንዘብ ሲባል የተጻፈ መሆኑ አያከራክርም። ግን ካሳ ለማግኘት ሰውየውን መግለጽ ግዴታ ስለነበር፣ በሌላ ቦታ በቁጥር ብቻ የሚታወቁ ሰዎች በዚህ መዝገብ ስም፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ መልክ፣ ሙያና ጤና አላቸው። ኮሚሽኑ 966 አቤቱታዎች ተቀበለ፤ በውስጣቸው 3,100 ሰዎች ተጠቅሰዋል። 909ኙ ሙሉ በሙሉ፣ 21ዱ በከፊል ተፈቀዱ፤ 36ቱ ተጣሉ፤ በ2,989 ሰዎች ስም ካሳ ተከፈለ። እያንዳንዱ አቤቱታ ሰውየው እንዴት «እንደተገኘ» መናገር ነበረበት፤ ከአባት ውርስ፣ ከእገሌ በዚህ ዓመት በግዢ፣ ወይም በቤት ካለች ከእገሊት የተወለደ። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለባለቤቱ የንብረት ማረጋገጫ ነበር፤ ለዛሬ ዘር ቆጣሪ ግን የእናትና የልጅ ሰነድ ነው። አንዳንዱ አቤቱታ ሁለት ሦስት ትውልድ በአንድ ገጽ ይይዛል።

መፈለግ ለሚፈልግ አካሄዱ እንዲህ ነው። ኮሚሽኑ ያሰባሰባቸው ወረቀቶች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በግምጃ ቤት ሂሳብ ሹሞች ክምችት፣ በክፍል 217 ይገኛሉ፤ በማይክሮፊልም ኤም 520 ተብለው በስድስት ጥቅልል ተነሥተዋል። የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አቤቱታዎቹን በጽሑፍ ገልብጦ በኢንተርኔት በነፃ አስቀምጧል። ወረቀቶቹ የተደረደሩት በአመልካቹ በኩል ስለሆነ የባለቤቱን ስም የሚያውቅ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ከታተመው ሪፖርት መጀመር ይሻላል፤ ሪፖርቱ በ1864 በ38ኛው ኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት ሰነድ ቁጥር 42 ሆኖ ወጥቷል፤ አመልካቾቹንና የተገለጹትን ሰዎች ከነገንዘቡ ይዘረዝራል። የፍርድ ቤቱ ወረቀቶች ለብቻቸው ኤም 433 በሚባለው ማይክሮፊልም ናቸው፤ የባለቤቶቹ ዝርዝርና ከ1862 በፊት የተሰጡ የነፃነት ወረቀቶች ያሉት በዚያ ነው።

ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በስም ነው። ባለቤቶች አንዳንዴ የመጀመሪያ ስም ብቻ ይጽፋሉ፤ የቤተሰብ ስም ሲጻፍም የጌታው ስም ነው ብሎ መገመት ያሳስታል፤ ብዙዎች የራሳቸው ስም ነበራቸው። አጻጻፉም ይለያያል፤ ሪድ በአንዱ ገጽ በአይ፣ በሌላው በሁለት ኢ ተጽፏል። ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ግምት ስለሆነ ሦስትና አራት ዓመት ወዲህ ወዲያ መተው ያስፈልጋል። አመልካቹ ሞግዚት፣ ባለአደራ ወይም የውርስ አጣሪ ከሆነ ሰውየው የኖረው በሌላ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ አሠሪ የተከራየም ብዙ ነው። የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ ስም ስለሌለው በባለቤት፣ በፆታና በዕድሜ እያመሳከሩ ማየት ግድ ነው።

ከ1862 ወዲህ ያለውን ለመከተል በ1865 የተቋቋመው የነፃ ሰዎች ባንክ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ የደንበኞች መዝገብ አለ፤ አስቀማጩ የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ስም ሲሰጥ የሚመዘገብበት ነው። ከሱ በኋላ የ1870 ቆጠራ ይመጣል፤ በባርነት የነበሩ ሰዎች እንደ ማንኛውም ነዋሪ በሙሉ ስማቸው የተቆጠሩበት የመጀመሪያው ነው። በአቤቱታው ላይ ያለው ሰው በነዚህ በሁለቱ ካልተገኘ፣ ከመተው በፊት በጁላይ 12ቱ ሕግ የቀረቡትን ማመልከቻዎች ማየት ይገባል፤ እዚያ አመልካቹ ራሱ ነፃ የወጣው ሰው ስለሆነ የስሙ አጻጻፍ ከባለቤቱ አጻጻፍ የተለየ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።